ከማማው ላይ የተጠራች ከተማ

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጥንቅሽ ገዛሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ አይበቅልም፤ ከዓባይ በረሃ በኩል አስረው የሚያመጡ ሴቶች አሉ፣ እነሱም በየሳምንቱ አይመጡም። ሻጯ ቀና ብላ ሽበቴን አየችና «ለልጅ ልጅ ነው፣ እማማ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። የልጅ ልጅ የለኝም። ቤቴ ገብቼ አንዱን አንጓ ላጥኩና ነከስኩት፤ ጥርሴ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አለኝ። ጣፋጩ ውኃ ጠብ ጠብ ብሎ ምላሴ ላይ እንደ ወረደ አገዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየው ጀመር።

ልጄ ትርሲት በዚህ ሁኔታ ላይ ደረሰችብኝ። ሰሞኑን ሳሎናችን መሐል ሁለት ሻንጣ ተዘርግቶ ሰንብቷል፤ በሚመጣው ሳምንት ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ሄዳ ኬሚስትሪ ልታስተምር ነው። ደፋር መስላ ነው የምትውለው፤ ልብስ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። አገዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሰሞኑን አፏ ላይ ሲንከባለል የነበረውን ጥያቄ አወጣችው።

«እማ፣ አንቺ በወጣትነትሽ የሰው አገር እንዴት ቻልሽው?»

የሰው አገር ያለችው ሸዋ ሮቢትን ነው። ፓስፖርት አይጠየቅበትም፤ ሰንደቁም ቋንቋውም አንድ ነው። እኔ ግን በሃያ አንድ ዓመቴ ከጎጃም ደጋ ተነሥቼ እዚያ ስወርድ ባሕር የተሻገርኩ ያህል ነበር የመሰለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንመረቅ ምደባው በዕጣ ነበርና ጓደኞቼ ቢቸና፣ ሞጣ ሲደርሳቸው እኔ የይፋትን ቆላ አወጣሁ። እናቴ ሰው የሞተባት ያህል አለቀሰች። ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ አርማንያ ላይ ሹራቤን፤ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ከዚያ በላይ የሚወልቅ አልነበረኝም። መንገዱ ዳር ፓፓያና ማንጎ ተቆልሎ ይሸጣል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ዛፍ ጥላ ሥር ምሳቸውን ይበላሉ፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ያየሁት አቧራውን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ ጀውሃን አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ገባ ያለ ነበር። አራት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ የዋርካ ዛፍ፣ ከእኔ ጋር አምስት መምህራን። ዲሬክተሩ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ በአሮጌ ብስክሌት የሚመላለሱ ሰው ነበሩ። ሒሳብም ያስተምራሉ። ሲናደዱ የማላውቀው ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ የአያቶቻቸው አርጎብኛ ነው ብለው አንድ ቀን ነገሩኝ። የመጣሁ ዕለት የጠፍር አልጋ በአህያ አስጭነው ላኩልኝ። አንዷ መምህርት እኩለ ቀን ላይ ወለሉን ውኃ መርጨት አሳየችኝ፤ ሌላው መምህር የወባ ክኒን የምውጥበትን ቀን ያስታውሰኝ ነበር። እኔ ሁሉንም እንደሚገባኝ ቆጥሬ ተቀበልኩት። በልቤ የቆላ ሰው ሰነፍ ነው እያልኩ፣ ግድግዳዬ ላይ ከለጠፍኩት የቀን መቁጠሪያ ያለፈውን ቀን በየማታው እሰርዝ ነበር።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበሩኝ፣ «እትዬ» ይሉኛል። በዚያ ዓመት ሚኒስትሪ ይፈተናሉ፤ ያለፈ ሸዋ ሮቢት ዘጠነኛ ይገባል፣ የወደቀ በዚያው ይቀራል። መስከረም በደህና አለፈ። ጥቅምት ሲገባ ክፍሉ ይሳሳ ጀመር። አንድ ሰኞ ስም ስጠራ «አለሁ» ያሉት አሥራ አንድ ብቻ ሆኑ። ደሜ ፈላ። ማክሰኞ ፈተና እሰጣለሁ፣ የቀረ ዜሮ ያገኛል ብዬ ለሌሎቹ እንዲነግሩ ላክኋቸው።

ጋሽ እንድሪስ በዕረፍት ሰዓት ዋርካው ሥር ጠሩኝ።

«አስናቁ፣ ይኼን ፈተና ወደ ታኅሣሥ ብትገፊው ምን ይመስልሻል?»

«ለምን ብዬ?»

«ግሪሳው ገብቷል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እኛ ልማዱን እናውቀዋለን።»

«በእኛም አገር ወፍ አለ፣ ጋሽ እንድሪስ። ትምህርት ግን አይዘጋም» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ «እሺ፣ ፈተናሽ ነው» ብለው ብስክሌታቸውን እየገፉ ሄዱ። እኔ የማውቀው ወፍ ስንዴ ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ የሚያርፍ፣ ሕፃን «እሽ» ካለው የሚሄድ ነው። የእነሱ ወፍ ሌላ መሆኑን ከየት ልወቀው? ማሽላው ወተት ሲቋጥር ግሪሳ በወንዙ በኩል ይመጣል፣ ቁጥር የለውም፤ ሲነሣ አውድማ ላይ ነፋስ ያነሣው ገለባ ይመስላል። አንድ ማሳ ላይ ካረፈ ያንን ማሳ ጨርሶ ነው የሚነሣው። ስለዚህ በየማሳው መሐል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ላይ ይውላል፣ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ተማሪ ነው። ይኼ ሁሉ ኋላ የተማርኩት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሠላሳ ስምንቱም መጡ። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ጋሽ እንድሪስ በመስኮት አልፈው እንዲያዩልኝ ተመኘሁ። በመስኮቱ በኩል ዘሃራ ትቀመጣለች። አባቷ ሞቷል፣ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ብዙ አትናገርም፣ ግን የአፍሪካን ካርታ ሳታይ በእጇ ትስላለች። ያን ቀን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ወረቀቷን አመጣች።

«እትዬ፣ ልሂድ?»

«ሰዓቱ ሳይሞላ ማንም አይወጣም።»

«እናቴን አሟታል፣ ማማው ላይ ሰው…»

«ቁጭ በይ» አልኳት።

ቁጭ አለች። ጥቂት ቆይቶ በቆርቆሮው ላይ አንድ ድምፅ አለፈ። ዝናብ መሰለኝ፤ በጥቅምት ምን ዓይነት ዝናብ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጆቹ በሙሉ ቀና አሉ። ማንም አልጻፈም። ዘሃራ ዐይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ደወሉ ሲደወል ደብተሩን ጥሎ ያልሮጠ አልነበረም፣ እኔም የቆላ ልጅ ሥርዓት የለውም እያልኩ ወረቀቴን ሰበሰብኩ።

በማግስቱ ዘሃራ ቀረች። ሌሎቹ በፈተናው ዕለት እናታቸውን ወይም ታናሽ ወንድማቸውን ማማ ላይ አውጥተው ነበር የመጡት። የዘሃራ እናት ወባ ይዟት ተኝታለች፣ ሌላ ሰው የላቸውም። ጋሽ እንድሪስ ወደ እነ ዘሃራ ማሳ ወሰዱኝ። አገዳው እንዳለ ቆሟል። የማሽላው ራስ ግን ከማሳው ግማሽ በላይ ፍሬው ተለቅሞ ባዶ ቅርፊት ሆኗል፣ መሬቱ ላይ ገለባው ነጭ ሆኖ ተበትኗል። ያ ማሽላ የሁለት ሰው የዓመት እንጀራ ነበር። ያቺ ልጅ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ በእኔ ትእዛዝ፣ እንጀራዋ በላይዋ ሲያልፍ ሰማችው።

ያን ዕለት ማታ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ጠዋት ለጋሽ እንድሪስ ስሰጣቸው አለቀስኩ፤ ማልቀሴ ደግሞ ራሴን አናደደኝ። አንብበው ሲጨርሱ፣

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ልላከው?»

«ይላኩት።»

«እሺ፣ ይሄዳል። ደብዳቤው እስኪደርስ ግን አንቺ እዚህ ነሽ። ነይ፣ እነ ዘሃራ ቤት እንሂድ።»

የዘሃራ እናት ወይዘሮ ከድጃ መደቡ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። «መርሃባ፣ ግቡ» አለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በዚያ በደከመ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወፉን አንቺ አልላክሽው፣ ልጄ። የአላህ ቀደር ነው። አብሽሪ።»

አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው። የታመመችውም የተጎዳችውም እሷ፣ አይዞሽ የምትባለው እኔ። ለልጅቱ ጎረቤት ማሾ ንፍሮ አምጥቶላት ነበር፤ ከእሱ ካልቀመስሽ አለችኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ በላሁ።

«የቀረው ግን ያለ ሰው አይተርፍም» አለች ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞራ። «እኔ መሰላል የምወጣበት ጉልበት የለኝም። ዘሃራ እስኪታጨድ ከማማ አትወርድም። ትምህርቱን አላህ ያውቃል።»

እስኪታጨድ ማለት ስድስት ሳምንት ነው። ስንመለስ ለጋሽ እንድሪስ ያልኳቸውን አስታውሳለሁ። የሚኒስትሪ ተፈታኞች ስም ዝርዝር የሚላከው ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ስም መጥሪያው ላይ ቀሪ የበዛበት ልጅ አይገባም፣ ስለዚህ ማሽላዋን ብቻ ሳይሆን ዘጠነኛ ክፍሏንም ነው ያስበላሁባት አልኳቸው። እሳቸውም በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጅ እንዲህ ሆኖ ይቀርብናል አሉ። የወንዙን መሻገሪያ ካለፍን በኋላ ብስክሌታቸውን አቆሙ።

«ደንቡ ተማሪው መምህሩ ፊት ይገኝ ነው የሚለው። መምህሩ የት ይቁም አላለም። ስም መጥሪያውን ይዘሽ መሰላል ትወጫለሽ?»

የደጋ ልጅ ሆኜ ከፍታ እፈራለሁ ማለት አሳፈረኝ። «እወጣለሁ» አልኳቸው።

ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስል ነበር። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል የጠዋት ትምህርቴን ግን ሌላ ሰው ማስተማር ነበረበት። ጋሽ እንድሪስ ለመምህራኑ ነገሩን ሲያስረዱ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ያቺ ወለል መርጨት ያሳየችኝ መምህርት «አምስተኛን ለእኔ» አለች፤ የክኒኑ መምህር ስድስተኛን ወሰደ። ለምን ጥፋቷን እንሸከማለን ያለ የለም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

የመጀመሪያው ጠዋት ቀሚሴን በአንድ እጄ፣ መሰላሉን በሌላው ይዤ ስወጣ ማማው ተወዛወዘ። ዘሃራ እጇን ሰጠችኝ፤ ስቃ አይቻት አላውቅም፣ ያኔም አልሳቀችም። ስም መጥሪያውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ «ዘሃራ» አልኩ። «አለሁ፣ እትዬ» አለች። ካርታ በጣቴ በአየር ላይ እየሳልኩ በዝግታ ማስተማር ጀመርኩ። «የኬንያ ዋና ከተማ?» ስላት ግሪሳው በወንዙ በኩል ብቅ አለ። ዘሃራ ዘላ ተነሣችና «ሆ!» ብላ ወንጨፈች። እኔ በድንጋጤ መጮህ ስፈልግ አፌ ላይ የነበረው ቃል ወጣ፤ «ናይሮቢ!» ብዬ ጮህኩ። ወፉ ተነሣ። ዘሃራ ዞራ አየችኝና ያን ጊዜ ሳቀች።

ከጎን ማሳ ያለው ማማ ላይ አንድ የክፍሏ ልጅ ነበር። እሱም ሰምቶን «የኡጋንዳ!» ብሎ ጠየቀ። «ካምፓላ!» አለች ዘሃራ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። ከዚያ ወዲያ ያለው ማማ ደግሞ «የሱዳን!» አለ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በሳምንቱ ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ዳር ባሉት ማማዎች ሁሉ ስም እየጠራሁ ነበር፤ «አለሁ» የሚለው መልስ ከማሽላው በላይ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል። ወፉ ጩኸት ይፈራል፣ እኛ ደግሞ ጩኸት አላጣንም። ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ እንድሪስ በቀጭን ድምፃቸው «ሰባት ጊዜ ስምንት!» ይላሉ፤ ሠላሳ ልጅ «ሃምሳ ስድስት!» ሲል እንኳን ግሪሳ እኔም እደነግጥ ነበር። «የሩዋንዳ!» ሲባል «ኪጋሊ!» የሚለው መልስ ለምን እንደሆነ አላውቅም ከሁሉ ይበልጥ ይጮኽ ነበር። ዘሃራ ያቺን ከተማ ትወዳት ነበር፤ ካርታው ላይ ትንሽ ስለሆነች ታሳዝነኛለች ትለኝ ነበር።

ፀሐዩ ሲበረታ ጥንቅሽ ትቆርጥልኛለች። መጀመሪያ ቀን ልጣጩ ከንፈሬን ቆረጠኝ፤ ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከማማ ማማ ደርሶ «እትዬን ጥንቅሽ በላት!» እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። ወንጭፍ አስተማሩኝ፣ ድንጋዬ ወደ ኋላዬ ሄደ። ጠዋት ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ፣ የእሸቱ ሽታ፣ ከሩቅ አስፋልቱ ላይ የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ዛሬም አገኛቸዋለሁ። የቀን መቁጠሪያዬን መሰረዝ መተዌን ያወቅሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ገጹ ጥቅምት ላይ ቆሟል።

ከዘሃራ ማሳ የቀረው ተረፈ። ለዓመት ባይበቃም ጎረቤት ጨመረበት፣ ክረምቱን ደረሱበት። የተፈታኞች ዝርዝር ሲላክ ስሟ ነበረበት፤ ጋሽ እንድሪስ ሲጽፉት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ።

በግንቦት አንድ ፖስታ መጣልኝ። ዝውውሬ ተፈቅዶ ጎጃም ተመድቤያለሁ። ረስቼው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያን ደብዳቤ መጻፌን ረስቼው ነበር። አውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ይቅርብኝ አልኩ፤ በቦታዬ ሌላ ሰው ተመድቧል አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀሚያም አላገኘሁም። ጋሽ እንድሪስን «ምነው ባይልኩት ኖሮ» አልኳቸው። «ይላኩት አላልሽኝም?» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው «እኔም ሁለት ቀን ኪሴ አሳድሬው ነበር» አሉኝ።

ሰኔ መጨረሻ፣ ልጆቹ ሚኒስትሪ ተፈትነው ውጤት ሳይመጣ፣ አስፋልቱ ዳር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መምህራኑ ሻንጣዬን አወጡልኝ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ «ደህና ሁኑ» ብቻ ብዬ ገባሁ። ያሳደገኝ አገር ምስጋናን በአፍ መናገር አያስተምርም፣ ወይም እኔ አልተማርኩ ይሆናል። አውቶቡሱ ትንሽ እንደሄደ ማሳዎቹ ጀመሩ። ማሽላው ገና ከጉልበት አላለፈም፣ ወፍ የለም፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። አስፋልቱ ዳር ባሉት አሮጌ ማማዎች ላይ ግን በእያንዳንዱ ሰው ቆሟል። ሹፌሩ ከብት ሊያሳልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ። የመጨረሻው ማማ ላይ ዘሃራ ናት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«የጎጃም ዋና ከተማ!»

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን አልወጣልኝም። ጠይቃ ጠበቀች፤ እንደ ጥሩ አስተማሪ መልሱን ሳትነግረኝ ጠበቀች። ከብቱ አለፈ፣ አውቶቡሱ ሄደ።

ዘሃራ አልፋ ሸዋ ሮቢት መግባቷን ጋሽ እንድሪስ ጻፉልኝ። እኔም ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ጻፍኩላቸው፤ ምስጋናውን በደንብ አስቤ በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ እያልኩ ዓመታት አሳደርኩት። አንድ ጊዜ መልሱን የጻፈው ልጃቸው ሆነ። አባታችን ወደ አኼራ ሄደዋል ይላል። ከዚያ ወዲህ ከይፋት ደብዳቤ መጥቶልኝ አያውቅም።

ይኼን ሁሉ ለትርሲት ነገርኳት። እየሰማችኝ ጥንቅሹን አንስታ ልጣ፣ በጥርሷ ትቆርጠው ጀመር።

«ታዲያ ምን ልያዝ?» አለችኝ ሲያልቅ።

«ምንም። ስትደርሺ መጀመሪያ ወፉ መቼ እንደሚገባ ጠይቂ። የከፋሽ ቀን ማመልከቻ አትጻፊ። የሚያመሰግኑት ሰው ሲኖርሽ ደግሞ አታሳድሪ፣ የዚያኑ ዕለት ንገሪው።»

«ኪጋሊ ማሽላ አለ እንዴ?» አለች እየሳቀች። ከንፈሯን ልጣጩ ቆርጧት ነበር፣ አላወቀችም።

እሷ ተመልሳ ልብሷን ማጠፍ ስትጀምር እኔ በረንዳ ወጣሁ። ዘሃራ አሁን ከስልሳ ብዙ አትርቅም፤ የት እንዳለች፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ያን ቀን ጠይቃኝ ያልመለስኩላት ከተማ ውስጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ በየጠዋቱ የምወጣበት መንገድ፣ የምገበይበት ገበያ፣ ሁሉም የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። በረንዳው ላይ ማንም ስላልነበረ፣ ጎረቤትም ስለማይሰማኝ፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ መለስኩላት።

«ደብረ ማርቆስ» አልኩ። «ደብረ ማርቆስ ነው፣ ዘሃራ። እግዜር ይስጥልኝ።»